ብዙ መሣሪያ በአንድ ክፍል፤ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ 12 ዓመታት

(በመልካ ጀብዱ በተደረገው የዕረፍት ጊዜ ስብሰባ ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ሰዎች የተነበበ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ለዛሬው ስብሰባ ስለ ሙዚቃ አንድ ነገር እንዳዘጋጅ ባዘዘኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ቪየና ለመናገር ነበር። በአውሮፓ «ቻምበር ሙዚቃ» የሚባል የጥበብ ዓይነት አለ። ትርጉሙ የክፍል ሙዚቃ ማለት ነው። ለአደባባይ ወይም ለሰልፍ የሚሆን አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች በአንድ እልፍኝ ውስጥ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው አራት ሰዎች ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይዘው የሚጫወቱት ሲሆን፣ በፊታቸው ቆሞ በትር የሚያወዛውዝ መሪ የላቸውም። አንዱ የሌላውን እስትንፋስ አይቶ ይነሣል፣ አይቶም ያርፋል። ዮዜፍ ሃይድን የተባለው ኦስትሪያዊ ከ1761 ጀምሮ በኤስተርሃዚ መሳፍንት ቤት ደመወዝተኛ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲያገለግል፣ ይህን የአራት ሰው ድርሰት ከፍ ካለ ደረጃ አድርሶታል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምናገረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ስናገር አስታውቃለሁ።)

ይህንኑ ጽፌ አንድ ገጽ ከሞላሁ በኋላ እናቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ስለ አራት የቪየና ሰዎች ነው ብዬ ነገርኋት። «እነሱ ደግሞ መልካ ጀብዱ ድረስ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወረቀቱን ቀደድሁት። ሃይድንን ስለናቅሁት አይደለም። ነገር ግን በአንድ ክፍል ተቀምጦ እርስ በርስ እየተደማመጡ መጫወትን ለመረዳት እስከ ቪየና መሄድ የማያስፈልግ መሆኑ ድንገት ስለታየኝ ነው። በአገራችን ይህንኑ የሞከረ፣ 12 ዓመት ያህል የቆየ፣ ባሕርም ተሻግሮ የተጫወተ፣ በመጨረሻም የተበተነ አንድ ጓድ ነበረ። ስሙ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ይባላል። ስሙ ትልቅ ነው፤ የሰዎቹ ቍጥር ግን ከአንድ የአውሮፓ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነበር፤ አሠራሩም ከአደባባዩ ይልቅ ለእልፍኙ የቀረበ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ጓድ ከመናገሬ በፊት አንድ የራሴን ውርደት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ሁለተኛ ደረጃ በተማርሁበት ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የሙዚቃ ክበብ አቋቁመን ነበር። አንድ ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ከበሮና አንድ ኪቦርድ ነበረን። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጣን። ክራሩ ከኪቦርዱ ዝቅ ብሎ ነበር። ዋሽንቱ ደግሞ ከሁለቱም ወጥቶ ለብቻው ይሄድ ነበር። ከበሮ መቺው ልጅ፣ ይህን ነውር ለመሸፈን ይመስለኛል፣ ባለ በሌለ ኀይሉ ይመታ ጀመር። ወላጆቻችን ሣቁ። ከመድረክ ከወረድን በኋላ እያንዳንዳችን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ተባብለን ተኳረፍን፤ ክበቡም ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰበሰበም። ክራር የምመታው እኔ ነበርሁ።

ያን ጊዜ ከአራታችን አንዳችንም ያልጠየቅነው ጥያቄ ማን በማን ይቃኝ የሚለው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ዋሽንትን ተመልከቱ። ከሸምበቆ ይቈረጣል፣ ቀዳዳው ይበሳል፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ የሚለወጥ አይደለም። ስለዚህ ሙያ ያለው ባለ ዋሽንት ረጅምና አጭር የሆኑ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። ክራር ግን አምስት ወይም ስድስት ጅማቱ ሊጠብቅም ሊላላም ይችላል። ማሲንቆም የፈረስ ጭራ የሆነች አንዲት ጅማቱን በመቃኛው ወደፈለገበት ያደርሳታል። እንግዲህ ሦስቱ በአንድ ላይ እንዲጫወቱ ከተፈለገ እልኸኛው ዋሽንት ነው፤ ሌሎቹ ወደ እርሱ መሄድ አለባቸው ማለት ነው። እኛ ግን ክራሩን በቤት፣ ዋሽንቱን በሜዳ፣ ኪቦርዱን በፋብሪካ ቅኝቱ አምጥተን በመድረክ ላይ አገናኘናቸው። በየቤታቸው ትክክል ነበሩ፤ ተሰብስበው ግን ትክክል አልሆኑም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ መግቢያውም ከዚህ ከእኛው ሀዲድ ነው። መልካ ጀብዱ የምትቀመጡ ሁሉ እንደምታውቁት አዲሱ የባቡር ጣቢያ የተሠራው በዚሁ በእኛ በኩል ነው። የቀድሞው ባቡር ግን ድሬዳዋ የገባው በ1902 ሲሆን፣ ከተማይቱንም የወለዳት እርሱ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። በእኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ፣ በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ልጆች ነበሩ፤ በዚያ ያዩዋቸው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ናቸው ያስመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው የነሐስ መለከት ይነፉ ነበር፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በባቡር የሚጓዝ ሁሉ በድሬዳዋ ማለፉ የግድ ነውና፣ እነዚያ ልጆችም በዚህ ሜዳ በመስኮት እየተመለከቱ እንዳለፉ ሳስበው ደስ ይለኛል። እኔ እንኳ ገና ሕፃን ሳለሁ ባቡር ሲያልፍ በውስጡ ያለው ሁሉ ጫት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከእነርሱ በፊትም ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የተላኩ የነሐስ መሣሪያዎች መጥተው ነበር። ከእነርሱም በኋላ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ሙዚቃ ክፍሎች በየተራ ተደራጁ። ይህ ሁሉ መልካም ነገር ነው፤ የዘመናዊ ዘፈናችን ሥር እዚያ ነው። ነገር ግን አንድ ውጤት ነበረው። መንግሥት «ሙዚቃ» ሲል የሚታየው ጥሩምባና ሰልፍ ሆነ። የጥሩምባ ተማሪ የደንብ ልብስና ደመወዝ ሲኖረው፣ ማሲንቆው ግን በጠጅ ቤት ደጃፍ ቀረ፤ ባለ ማሲንቆውም በዘፈኑ እየተወደደ በስሙ እየተናቀ ኖረ። ልጁን አዝማሪ ሁን ብሎ የሚመርቅ አባት አይገኝም ነበር።

በ1962 ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል የግብፅ ተወላጅ የሙዚቃ ደራሲ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር መጣ። ይህ ሰው በ1921 በካይሮ የተወለደ ቅብጥ ሲሆን በአሜሪካ በሙዚቃ ድርሰት ስም አትርፎ ነበር፤ ለታዋቂዋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግሬሃም ሙዚቃ የደረሰላት እርሱ ነው። ከዚያም በፊት በ1944 በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓት በሚደረግበት ቤት በሽቦ የሚቀዳ መሣሪያ ይዞ ገብቶ፣ የቀዳውን ድምፅ እየለዋወጠ አዲስ ድርሰት ሠርቶበታል። እንግዲህ ስለ ዛር ከእኛ ጋር ለመነጋገር ብዙ ማስተርጐም አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው።

ኤል ዳብ በዩኒቨርሲቲው ተቀምጦ ቫዮሊንና ፒያኖ ብቻ ቢያስተምር ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን ከተለያዩ የአገራችን ሕዝቦች የመጡ ባለ ክራር፣ ባለ ማሲንቆ፣ ባለ ዋሽንት፣ ባለ በገና፣ ባለ እምቢልታ ሰብስቦ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። መቀመጫቸውም የዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆነ። ከዚያ በፊት እነዚህ መሣሪያዎች እንዲህ ባለ አንድ ጓድ ተሰብስበው የተጫወቱበት ጊዜ አልነበረም ይባላል፤ እኔም ነገሩን ሳስበው አይደንቀኝም። ምክንያቱም ቅኝቱ ብቻ አልነበረም የሚለያያቸው።

በገና የጸሎት ነው፤ የመኳንንትና የሽማግሌዎች፣ በዐቢይ ጾም የሚደረደር። ክራር የዘፈንና የወጣት ነው። እምቢልታና መለከት ከመሳፍንት ደጅ የማይርቁ የክብር መሣሪያዎች ናቸው። ዋሽንት የእረኛ ነው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። እነዚህን በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ ቀሳውስትን፣ ባላባትን፣ እረኛንና አዝማሪን በአንድ ማዕድ እንደ ማስቀመጥ ነበር። ደግሞም ድምፃቸው እኩል አይደለም። የበገና ዐሥሩ ጅማቶች ከሥራቸው በሚገባው ቍራጭ ቆዳ ምክንያት እየነዘሩ የሚያጕረመርሙ ናቸው፤ ይህን ለመስማት ዝምታ ይፈልጋል። ከበሮ አንድ ጊዜ ከተመታ በገና የለም። ስለዚህ ከበሮ መቺው እጁን መግታት መማር ነበረበት፤ በቅጥር ግቢ ድግስ ላይ ማንም አስተምሮት የማያውቀው ትምህርት ነው። (የእኛ ክበብ ከበሮ መቺ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ አሁን አንገቱን አቀርቅሯል።)

ስለ እምቢልታ ጥቂት ልጨምር። እምቢልታ የሚነፉ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከመሣሪያቸው የሚያወጡት አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ብቻውን ቢነፋ ዜማ አይሆንም። ሦስቱ በየተራ እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው ዜማው የሚወለደው፤ አንዱ ለጥቂት ቢዘገይ ዜማው ቀዳዳ ይሆናል። እንግዲህ መሪ የሌለውን፣ በመደማመጥ ብቻ የሚቆመውን የክፍል ሙዚቃ ከቪየና ተማርን የሚል ሰው ቢኖር፣ እምቢልተኞቹ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት እንደ ነበረ ልንነግረው እንችላለን። የጐደለን ልምዱ ሳይሆን፣ ያን ልምድ ከአንድ ዓይነት መሣሪያ ወደ ብዙ ዓይነት መሣሪያ የሚያሻግርበት ክፍል ነበር። መልካ ማለት በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት እንደሆነ እዚህ ለምንኖር መናገር አያስፈልገኝም።

ኤል ዳብ በ1964 ሄደ። በእግሩ የተተካው ጆን ኮ የተባለ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል ነበር፤ እስከ 1966 መራው። ከዚያ በኋላ መሪነቱ በኢትዮጵያዊ እጅ ገባ፤ ተስፋዬ ለማ እስከ መጨረሻው እስከ 1975 ድረስ መርቶታል። ብዙ ሰዎች ስለዚህ ጓድ ሲናገሩ የመሥራቹን ስም ያነሣሉ። ይገባዋል። እኔ ግን ከሦስቱ የሚበልጠውን ሥራ የሠራው ተስፋዬ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድን ነገር መጀመር የሁለት ዓመት ሥራ ሲሆን ማኖር የዘጠኝ ዓመት ሥራ ሆኖበታል። የሚያስደንቅ ሐሳብ ያለው እንግዳ በመጣ ቁጥር ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ዘወትር ማለዳ መጥቶ «ዛሬም ከዋሽንቱ እንጀምር» የሚለውን ሰው ስም ለማስታወስ ሰነፎች ነን።

በዚያው ዘመን በሌላ በኩል ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ ተመልሶ፣ ዛሬ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የምንለውን አቋቁሞ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። ራሱም ደራሲ ነበር። በ1967 የደረሰው «ኮቱራሲያ» ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለሚባለው የጃፓን መሣሪያ የተጻፈ ነው፤ ይህ ያለ ጥርጥር የክፍል ሙዚቃ ነው። «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰቱን ደግሞ በዚያው ዓመት በሃንጋሪ ኦርኬስትራ አሰምቷል። አሸናፊ የእረኛውን ዋሽንት ወደ አውሮፓ ኦርኬስትራ ወሰደው፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ደግሞ እረኛውን ራሱን ከነዋሽንቱ ወደ አዳራሽ አመጣው። ሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል። ከሁለቱ የቱ ይከብዳል ብትሉኝ ግን ሁለተኛው ነው። ለቫዮሊንና ለክላርኔት የሚጽፍ ደራሲ የብዙ መቶ ዓመት ትምህርት ቤት ከኋላው አለለት፤ ወረቀቱን ሲሰጣቸው ያነባሉ። ማሲንቆና በገና ግን ከአባት ወደ ልጅ በጆሮና በእጅ የተላለፉ ስለሆኑ፣ ሁሉም ከዜሮ በቃል መስማማት አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣት አለበት፤ ካላነሣሁት መምህሮቼ ያነሡብኛል። አዝማሪ ነፃ ሰው ነው። ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ፣ ኮፍያውን፣ ሚስቱን፣ ኪሱን መዝኖ ግጥሙን እዚያው ይቋጥራል። ሲሻው ያረዝመዋል፣ ሲሻው ያቋርጠዋል። ይህን ሰው ከዐሥር ሰዎች መካከል አስቀምጠህ «አራት ጊዜ ተጫውተህ ዝም በል» ብትለው ምን ይቀርለታል? በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ባቡር ሠራተኛ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አማክሬአቸው ነበር። «ልጄ» አሉኝ፣ «አዝማሪ በሰዓት ከተጫወተ እኮ ባቡር ሆነ ማለት ነው።» ከዚያም ትንሽ አሰቡና «የእኛ ባቡር ግን በሰዓት መጥቶ አያውቅም ነበር» ብለው ጨመሩልኝ።

ተቃውሞው ትክክል ነው። ኦርኬስትራው የአዝማሪውን አንድ ትልቅ ነገር ወስዶበታል። እኔ የምለው ግን በምትኩ የሰጠው ነገር ነበረ ነው። ብቻውን የሚጫወት አዝማሪ የሚያዳምጠው አድማጩን ነው፤ ለእንጀራውም ሲል ሊያስደስተው ይገደዳል። በጓድ ውስጥ የተቀመጠ አዝማሪ ግን ሌላ ባለ ሙያን ማዳመጥ ይጀምራል። ከጐኑ ያለው ባለ ክራር ያደረገውን ይሰማል፤ ይመልስለታል። ይህ ከገንዘብ ሰጪ ሳይሆን ከሙያ እኩያ የሚመጣ ክብር ነው። ከኦርኬስትራው አባላት አንዱ ባለ ማሲንቆው ጌታመሳይ አበበ ነበር። ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ፣ እርሱም የሰላም ጓድ አባል የነበረ፣ ከእርሱ ዘንድ ማሲንቆ ተምሮ በአማርኛ እየዘፈነ ከጓዱ ጋር ተጫውቷል። አዝማሪ መምህር ተባለ፤ ተማሪውም ከባሕር ማዶ መጣ። የጠጅ ቤቱ ደጃፍ ይህን ሊሰጠው አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከዚህ ይበልጥ ይከብደኛል፤ የሚከብደኝም የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንሁ ነው። ኦርኬስትራው በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ በእነዚያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በዚህች በድሬዳዋ «አፍረን ቀሎ» የሚባል የወጣቶች ጓድ ተነሥቶ ነበር። በኦሮምኛ የሚዘፍኑ፣ በሰርግና በበዓል የሚጫወቱ፣ የራሳቸውን ሰው በራሳቸው ቋንቋ ያስደሰቱ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ገና ታዳጊ ሳለ የገባው ዓሊ መሐመድ ሙሳ፣ ከመጀመሪያ ዘፈኑ ስም ተወስዶ ዓሊ ቢራ ተባለ። እንግዲህ ሁለት ጓዶች ናቸው፤ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን። አንደኛው በዩኒቨርሲቲ ክፍል ተሰጠው፤ ሁለተኛው ግን በመንግሥት ተከለከለ፣ አባላቱም ተበተኑ፤ የታሰሩም ነበሩ። ዓሊ ቢራ አዲስ አበባ ሄዶ ከክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ጋር ሠርቷል፤ በ2022 ሲሞት በመላ አገሪቱ የታወቀ ታላቅ ሰው ነበር። የአፍረን ቀሎ ሌሎች ልጆች ግን ምን ሊሆኑ ይችሉ ነበር?

ይህን የማነሣው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ለመክሰስ አይደለም። እነዚያ ሙዚቀኞች ማንንም አልከለከሉም፤ ከተለያዩ ሕዝቦች የመጡትም በአንድ ወንበር መስመር ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስም የያዘ ጓድ በአንድ ከተማ ሲከበር፣ በሌላ ከተማ በሕዝቡ ቋንቋ የሚዘፍን ጓድ ከተዘጋ፣ ቅኝቱ ገና አልተጠናቀቀም ነበር ማለት ነው። ወደ ቀድሞው ጥያቄ እመለሳለሁ፤ ማን በማን ይቃኝ? በሙዚቃ ክፍል ውስጥ መልሱ ግልጽ ነው። መለወጥ የማይችለውን ፈልገህ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይሄዳሉ፤ ለዋሽንት ሲባል ክራሩ ይላላል እንጂ ዋሽንቱ አይሰበርም። ከክፍሉ ውጭ ግን የሚሰበረው ዋሽንቱ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ነገር ላይ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከንግግሩ በኋላ በሻይ ላይ እንከራከር።

በ1969 ከኦርኬስትራው የተመረጡ ሰዎች «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም ወደ አሜሪካ ሄዱ። ጉዞውን ያሰናዳው ሳተን ነበር። በብዙ ሚሊዮን ሰው በሚታየው በኤድ ሳሊቫን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀረቡ፤ ቢትልስም ከአምስት ዓመት በፊት የቀረቡበት ፕሮግራም ነው። በዚያን ዓመት በሸክላም ተቀርጸዋል። ስለ ጉዞው ከዚህ በላይ አላወራም፤ አሜሪካ ደርሶ መምጣት ያን ጊዜም ዛሬም ከሚገባው በላይ የሚወራለት ነገር ነው።

በ1974 አብዮት ሆነ፤ በ1975 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተበተነ። 12 ዓመት ያህል ነው። ይህ ለአንድ ጓድ አጭር ነው ወይስ ረጅም? ለማነጻጸር አንድ የአውሮፓ ምሳሌ ብቻ ላምጣ። በ1947 በእንግሊዝ የተመሠረተው አማዴዎስ የተባለው የአራት ሰዎች ጓድ፣ ሦስቱ አባላቱ ከናዚዎች ሸሽተው ከቪየና የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ የተዋወቁትም በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ በታሰሩበት ካምፕ ነው። አራቱ አንድም ሰው ሳይለወጥ 40 ዓመት ተጫወቱ። በ1987 ቪዮላ ተጫዋቹ ሲሞት ሌሎቹ ሦስቱ በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው ሊያስቀምጡ አልወደዱም፤ ጓዱ በዚያው አበቃ። በተመሳሳይ ዘመን የተቋቋመው የኒው ዮርኩ ጁሊያርድ ግን አባላቱን አንድ በአንድ እየተካ ከመሥራቾቹ ሁሉ በላይ ኖሯል፤ ከትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የሚሄደው ሰው ለሚመጣው የሚያወርስበት ቦታ አለው።

ሁለቱም ፍጻሜ የክብር ነው ብዬ አስባለሁ። አማዴዎስ በሞት አበቃ፤ ጁሊያርድ በውርስ ቀጠለ። የእኛ ጓድ ግን ከሁለቱም አልሆነም። ባለ መሣሪያዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ እጃቸው አልደከመም፤ ቅኝቱ ከብዙ ልፋት በኋላ ተገኝቶ ነበር፤ በአንድ ላይ የሚቀመጡበት ነገር ግን አልነበረም። የጠፋውም ሸክላ ወይም ወረቀት አይደለም። በብዙ ሺህ ሰዓት ልምምድ በዐሥር ሰዎች ጆሮ ውስጥ የተሠራ መግባባት ነው፤ ይህም በየግል ተከፋፍሎ ወደ ቤት ሊወሰድ አይቻልም። እኔ በአንድ የትምህርት ዘመን ከሦስት ልጆች ጋር ያላገኘሁት ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፊናው ሄደ። ተስፋዬ ለማ ወደ አሜሪካ ሄዶ በስደት ኖረ፤ በዚያም ስለ አገሩ ሙዚቃ መድከሙን ሳይተው በ2013 ዐረፈ። ሐሊም ኤል ዳብ በአሜሪካ ብዙ ዓመት ካስተማረ በኋላ በ2017 በ96 ዓመቱ ሞተ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያሳትመው «ኢትዮፒክ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 23ኛው ቅጽ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቅጂዎች ናቸው። የጓዱን ድምፅ ለመስማት የፈለገ የእኔ ዕድሜ ሰው የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ በአዲስ አበባ የተጫወቱትን ከፓሪስ እናዳምጣለን። አላማርርም፤ ባይታተም ኖሮ ይህንንም ባልሰማሁ።

በ2007 ደግሞ ጌታመሳይ አበበ፣ ባለ ክራርና ባለ ዋሽንቱ መላኩ ገላው፣ ቻርልስ ሳተንም እንደገና ተገናኝተው «ዞሮ ገጠም» የሚል ቅጂ አወጡ። ጓዱ ከተበተነ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ሦስት ናቸው፤ ሆኖም ሦስት ሰው ከአንድ እምቢልታ ጓድ አያንስም።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ከኦርኬስትራው ቅጂዎች አንዱን ደጋግሜ በስልኬ ሰምቼዋለሁ። በመጀመሪያ የሰማሁት ዘፋኙን ነበር፤ በሦስተኛው ጊዜ ክራሩን ሰማሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ከበሮ መቺው ዋሽንቱ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ሰማሁ። ማንም ምልክት አልሰጠውም፤ ወይም ሰጥቶት ከሆነ በዓይን ነው፣ ቅጂው ዓይንን አያሳይም። ከዚያ በኋላ ሌላውን ሁሉ ትቼ እርሱን ብቻ ነው የማዳምጠው።

አሁን ለሁላችሁ አሰማችኋለሁ። ድምፅ ማጉያውን የሰጡን መምህራችን ስለሆኑ አመሰግናቸዋለሁ። በመንገዱ በኩል ያሉት ሁለት መስኮቶች ይዘጉልኝ፤ ባጃጆቹ እንዳይረብሹን። ከበሮ መቺው ወንድሜም ወደ ፊት መጥቶ ይቀመጥ።